እሬትን ቆርጦ ለቆዳ ማዘጋጀት፦ ቢጫውን ፈሳሽ ከጄሉ የመለየት መመሪያ

«ጋሼ፣ የሚቀባው ቢጫው ነው ወይስ ነጩ?» ይህን ጥያቄ ደሴ ካሉ ጎረቤቶቼ፣ ኮምቦልቻ ከሚኖሩ ዘመዶቼና ቀድሞ ባዮሎጂ ካስተማርኳቸው ልጆች በአካልም በስልክም ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የሚደውለው ቅጠሉን ቆርጦ በእጁ ከያዘ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ቀብቶት ካሳከከው በኋላ ይደውላል። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ለቆዳ የሚሆነው በቅጠሉ መሀል ያለው ቀለም የሌለው ዝልግልግ ሥጋ ነው። ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ሲሆን፣ ቆዳን ያሳክካል፤ ከተዋጠም ሆድን እየቆረጠ ያስቀምጣል። በአንድ ቅጠል ውስጥ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋልና ሥራው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

በቅጠሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

እሬት ውሃን በቅጠሉ የሚያጠራቅም ተክል ነው። አንድ የደረሰ ቅጠል በአግድሙ ቆርጠው የተቆረጠውን ፊት ወደ መስኮት ብርሃን ቢያዞሩት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። በውጭ በኩል ሰም መሰል ሽፋን ያለው አረንጓዴ ቅርፊት አለ፤ ይህ ሽፋን ውሃው በፀሐይ እንዳይተን ይጠብቃል። ከቅርፊቱ ሥር ዙሪያውን እንደ ዶቃ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እነዚህ ውሃና ምግብ የሚያመላልሱ ቧንቧዎች ሲሆኑ፣ ቢጫው ፈሳሽ የሚቀመጠው ከእነርሱ አጠገብ ባሉ ሕዋሳት ነው። ቅጠሉ ገና እንደተቆረጠ ልብ ብለው ቢመለከቱ፣ ቢጫው ከእነዚህ ነጠብጣቦች ብቻ እየፈለቀ ወደ ታች ሲወርድ፣ መሀሉ ግን ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል። መሀሉን የሞላው መስተዋት የመሰለ ሥጋ ጄሉ ነው። ከመቶው 98 እጅ በላይ ውሃ ሲሆን፣ ከቀሪው ውስጥ ዋነኛው አሴማናን የሚባለው ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ጄሉን የሚያዝለገልገውና እርጥበት አፍኖ እንዲይዝ የሚያደርገው እርሱ ነው።

በቢጫው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ዋነኛ ንጥረ ነገር አሎይን ይባላል። «እሬት እሬት ይላል» የምንለው ምሬት የአሎይን ምሬት ነው። በሚገባ የታጠበ ጄል ግን ምሬት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም ምላስዎ ከታች በተገለጸው ሥራ ላይ እንደ መሣሪያ ያገለግልዎታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– አንድ ወይም ሁለት የደረሱ የእሬት ቅጠሎች (አንድ ወፍራም ቅጠል ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጄል ይሰጣል)
– ስለት ያለው ቢላዋና መክተፊያ፤ ሥጋ ያልተከተፈበት ቢሆን ይመረጣል
– ቅጠሉን አቁሞ ለማንጠባጠብ ረጅም ብርጭቆ ወይም ማሰሮ
– ነጭ ሳህን
– ንጹሕ የመጠጥ ውሃና ሁለት ጎድጓዳ ዕቃ
– ሹካ ወይም ጁስ መፍጫ፣ ማጥለያ ወይም ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ
– ክዳን ያለውና ተቀቅሎ የደረቀ የመስተዋት ጠርሙስ
– የእጅ ጓንት፣ ከተገኘ

ነጭ ሳህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቀረ ቢጫ በአረንጓዴ ወይም በእንጨት ዕቃ ላይ አይታይም።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

1. ተክሉ እሬት መሆኑን ያረጋግጡ።

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ስለሆነ በዚህ ደረጃ ጊዜ ይውሰዱ። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች፣ በአጥርና በገደል ዳር፣ ወፍራም ቅጠል ወይም ወፍራም ግንድ ያላቸው በርካታ ተክሎች ስለሚበቅሉ ከእሬት ጋር ይምታታሉ።

ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ይህ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባም ዓይንን ክፉኛ ሊጎዳ አልፎም ሊያሳውር ይችላል። እሬት ነጭ ወተት የለውም። ስለዚህ ሲቆርጡት ወተት ያፈሰሰ ተክል ማንም እሬት ነው ቢልዎ ይጣሉት፤ እጅዎንም ወዲያውኑ በሳሙና ይታጠቡ።

ቃጫ ከእሬት ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል፤ ቅጠሉ ረጅም፣ ወፍራምና ዙሪያውን ተዘርግቶ የሚወጣ ነው። ልዩነቱን በሁለት ነገር ያውቁታል። የቃጫ ቅጠል ጫፉ እንደ መርፌ የጠነከረ እሾህ አለው፤ ቅጠሉን ሰንጥቀው ቢጎትቱትም ነጭ የክር ጭረት ይወጣል። የእሬት ቅጠል ግን ጫፉ ለስላሳ ነው፤ መሀሉም ክር የለውም፤ እንደ በረዶ ፍንካች ይሰበራል። የቃጫ ጭማቂ በውስጡ መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ብናኞች ስላሉት ቆዳን ወግቶ ያቆስላል። ለቃጠሎ ብሎ ቃጫ የቀባ ሰው በአንድ ቁስል ላይ ሌላ ይጨምራል።

እንዳሁላ ደግሞ ቅጠሉ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ጥርስ የወጣለት ለስላሳ ተክል ነው። ሰዎች በቁስል ላይ ቢያደርጉትም የዚህ ተክል ወገኖች ልብን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች ስላሏቸው በእሬት ፋንታ መጠጣት ፈጽሞ አይገባም።

እሬት ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። በኢትዮጵያ ብቻ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ በሸዋና በወሎ ደጋ የሚገኘው ደብራና የተባለው ዝርያ ከእነርሱ አንዱ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በሱቅና በችግኝ ጣቢያ «አሎ ቬራ» ተብሎ ለሚሸጠው ዝርያ ነው፤ ቅጠሉ ግራጫ መሳይ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ላይ ይቆማል፣ አበባው ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው። የአገራችን የዱር እሬቶች አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ወይም ብርቱካንማ አበባ አላቸው፤ ብዙዎቹም ቢጫ ፈሳሻቸው የበዛ፣ ጄላቸው ያነሰ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይመቹም። ከተራራ ነቅሎ ማምጣትም አይገባም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ዓለም የማይገኙ ናቸው።

2. የደረሰ ቅጠል ይምረጡ።

ቢያንስ ሦስት ዓመት ከሞላው ተክል በውጭ በኩል፣ ከሥር ያለውን ወፍራም ቅጠል ይውሰዱ። አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከመሀል ስለሆነ የውጭዎቹ ዕድሜ ያላቸውና ጄል የሞላባቸው ናቸው። ከመሀል መቁረጥ ግን የተክሉን እድገት ያቆማል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ቅጠል በላይ አይቁረጡ። ጫፉ የደረቀ፣ ቡናማ ነጥብ የወጣበት ወይም ሲነኩት የላላ ቅጠል ይተዉ።

3. ውሃ ካጠጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቁረጡ።

ተክሉ ውሃ ከጠገበ ጄሉ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት አምስት ቀን ያህል ውሃ አያጠጡት። በክረምት ከሆነ ቅጠሉ የዝናብ ውሃ እስኪደርቅለት ይጠብቁ። ጓንት አድርገው፣ በታጠበ ቢላዋ፣ ቅጠሉን ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ነጭ ሥሩ ላይ ይቁረጡት። በመሀል ከተቆረጠ በተክሉ ላይ የሚቀረው ጉቶ ይበሰብሳል፤ ጄሉም ከተቆረጠው ፊት ይፈስሳል።

4. ቢጫው እስኪያልቅ አቁመው ያንጠባጥቡት።

ቅጠሉን የተቆረጠው ጫፉ ወደ ታች እንዲሆን አድርገው በረጅም ብርጭቆ ውስጥ ጋደል አድርገው ያቁሙት፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይተዉት። ከብርጭቆው በታች የሚጠራቀመው ቢጫ ፈሳሽ ሹል ሽታ አለው፤ ጥቂት ቆይቶም በአየር ምክንያት ወደ ቡናማ ይለወጣል። ልብስ ላይ ካረፈ እድፉ በቀላሉ አይለቅም።

ሰዎች አብዝተው የሚዘልሉት ይህንን ደረጃ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት እጄን ጀበና ሲያቃጥለኝ ቅጠሉን ቆርጬ ወዲያውኑ በተቆረጠው በኩል አሸሁት። ወደ ማታ ከቃጠሎው ይልቅ ዙሪያው ቀልቶ ያሳክከኝ ጀመር። እጄን የጎዳው የቅጠሉ ቅርፊት ሥር ያለው ቢጫ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ብጠብቅ ኖሮ አይደርስብኝም ነበር። ቅጠል እየቆረጡ ሕፃን ልጅ ላይ የሚያሹ እናቶችን ሳይ ዛሬም ልቤ ይሰጋል።

የተጠራቀመውን ቢጫ ይድፉት፤ ልጆችና የቤት እንስሳት በማይደርሱበት ይሁን።

5. ቅጠሉን በውጭ በኩል ይጠቡት።

በወራጅ ውሃ እያሹ አቧራውን ያስወግዱ። ቢላዋው ቅርፊቱን አልፎ ወደ ጄሉ ሲገባ በውጭ ያለውን ጀርም ይዞ ይገባልና መታጠብ ያለበት ከመገፈፉ በፊት ነው። ዕቃዎቹንም በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምረው ካለቀለቁ በኋላ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ።

6. ጫፎቹንና እሾሁን ያንሱ።

ከሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከቀጭኑ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ይጣሉ፤ በእነዚህ ቦታዎች ሥጋው ጥቂት፣ ቢጫው ግን ብዙ ነው። ከዚያም በሁለቱ ጎን ያለውን እሾህ ከእነ ጠርዙ በረጅሙ ይቁረጡ።

7. ቅርፊቱን ይግፈፉ።

ቅጠሉን በመክተፊያው ላይ ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርገው ያስተኙ። ቢላዋውን ከላይኛው ቅርፊት ሥር አስገብተው የዓሣ ቆዳ እንደሚገፈፍ አድርገው ወደ ፊት ይግፉት። ገልብጠው በሌላኛው በኩል ይድገሙት። ቅርፊቱ ላይ ትንሽ ሥጋ ቢቀር አይጸጸቱ፤ ለቢጫው ማስቀመጫ የሆኑት ነጠብጣቦች ያሉት እዚያው አጠገብ ስለሆነ ሥጋን ለማትረፍ ሲሉ ቅርፊቱን በማንኪያ አይፋቁ። በእጅዎ የሚቀረው አንድ ወጥ ሆኖ የሚያንሸራትት የመስተዋት ጡብ መምሰል አለበት። አረንጓዴ ቁራጭ የቀረበት ቦታ ካለ በቢላዋ ጫፍ ያንሱት።

8. በውሃ ይዘፍዝፉና ይፈትሹ።

ጡቡን ለሁለት ወይም ለሦስት ቆርጠው በንጹሕ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ውሃውን ደፍተው ሁለት ጊዜ ይድገሙ። አሎይን በውሃ ስለሚሟሟ በውጭው ላይ የቀረ ካለ በዚህ ይወጣል። በመጨረሻም ቁራጩን በነጭ ሳህን ላይ አስቀምጠው በብርሃን ይመልከቱት። ቢጫ ጭረት ከታየ ይቁረጡት ወይም እንደገና ይዘፍዝፉት። ከዚያ በምላስዎ ጫፍ ብቻ ነክተው ይትፉ፤ ከመረረ አልጸዳም ማለት ነው። እርጉዝ ሴት ይህን የምላስ ሙከራ አታድርግ፤ በዓይን መፈተሹ ይበቃታል።

9. ይምቱና ያጥልሉ።

በሹካ ይፍጩት ወይም በጁስ መፍጫ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይምቱት። ረጅም ጊዜ ከተመታ አየር ስለሚገባበት አረፋ ያበዛል፤ ቶሎም ይበላሻል። አረፋው እስኪቀመጥ ጠብቀው በማጥለያ ያጥልሉት። ለአንድ ቀን ብቻ የሚፈልጉት ከሆነ መምታቱን ትተው ቁራጩን እንዳለ መቀባት ይቻላል።

10. በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ።

ጄሉ ከተክሉ ሲወጣ ምንም ማቆያ ስለሌለው ከፍሪጅ ውጭ በአንድ ቀን ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። በጠርሙስ ከድነው፣ ቀኑን ጽፈው ለጥፈው፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ እስከ 7 ቀን ያቆዩት። በበረዶ ማቀፊያ ከፍለው ቢያስቀዘቅዙት ለ3 ወር ያህል ይቆያል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሄዶ ከቀለጠ ግን እንደገና አያቀዝቅዙት፤ በዚያው ቀን ይጠቀሙበት ወይም ይድፉት። ወደ ሐምራዊ ወይም ቡናማ የተለወጠ፣ የኮመጠጠ ሽታ ያመጣ ወይም ውሃ የሆነ ጄል አይቀባም።

11. በትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩት።

በክንድዎ የውስጥ ገጽ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚያስከፉት ቆዳ ያለው ሰው በተለይ ይህን ደረጃ አይዝለል። ከቀላ ወይም ካሳከከ ጄሉ ለእርስዎ አይሆንም።

12. እንደ ጉዳዩ ይቀቡ።

ለቀላል ቃጠሎ፦ ምጣድ ወይም ጀበና የነካው፣ የቀላ ግን ያልቆሰለ ቆዳ ማለቴ ነው። አስቀድሞ ቦታውን በወራጅ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያቆዩት። ቃጠሎ ከቆዳው በላይ ብቻ አይቀርም፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ መጓዙን ይቀጥላልና እርሱን የሚያቆመው ውሃው እንጂ እሬቱ አይደለም። ቀለበትና አምባር ቆዳው ሳያብጥ ያውልቁ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥና የቡና ዱቄት አይጨምሩ፤ ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፣ ቆሻሻም ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ ጄሉን በስሱ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ ይቀቡ።

በበጋ ነፋስ ለደረቀ ወይም ፀሐይ ለመታ ቆዳ፦ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቀብተው፣ ጄሉ ሲጠጣ በላዩ ጥቂት ቫዝሊን ይጨምሩ። ጄሉ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለብቻው ከተቀባ ይተንና ቆዳውን መልሶ ያደርቀዋል፤ ከደሴ ሰዎች «ቀባሁት፣ ጭራሽ አደረቀኝ» የሚል ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለፎረፎር፦ ጄሉን በራስ ቆዳ ላይ ቀብቶ ለ20 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ነው። በአንድ ወር ካልቀነሰ ወይም ክብ እየሠራ ፀጉር ካረገፈ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል በቆዳ ሕክምናው የሚታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለደሴ ሰው ቅርብ ነው።

ጥብቅ ማስጠንቀቂያዎች

ከመዳፍ የሰፋ ቃጠሎ፣ ውሃ የቋጠረ፣ የነጣ ወይም የጠቆረ ቃጠሎ፣ በፊት፣ በመገጣጠሚያ ወይም በብልት አካባቢ የደረሰ ቃጠሎ፣ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ እንዲሁም ማንኛውም የሕፃን ልጅ ቃጠሎ እሬት ሳይነካው ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ጥልቅ ቁስልና የተሰፋ የቀዶ ሕክምና ቁስል ላይም አይቀባም። ዓይን ውስጥ አይገባም።

መጠጣቱ ደጋግሜ የምጠየቀው ሌላው ጉዳይ ነው። ቢጫው ፈሳሽ ትልቁን አንጀት አስቆጥቶ የሚያስቀምጥ ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ ሲደጋገምም ከሰውነት ውስጥ ፖታሲየምን ያጥባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጡ የነበሩ የእሬት ማስቀመጫ መድኃኒቶች ከገበያ እንዲወጡ ያደረገው አምራቾቹ የደኅንነት ማስረጃ ባለማቅረባቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ቅጠሉ ከእነ ቅርፊቱ ተፈጭቶ የሚወጣውን ጭማቂ ለሰው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ቅጠሉን ከእነ ልጣጩ ፈጭቶ በባዶ ሆድ መጠጣት የሚባለውን ምክር አይከተሉ። እርጉዝና አጥቢ እናቶች፣ ልጆች፣ የኩላሊትና የአንጀት ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም የስኳር፣ የልብ ወይም የሽንት ማሸኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጄሉንም ቢሆን ሐኪም ሳያማክሩ አይጠጡ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ወይም የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል።

ጡት ለማስጣል ቢጫውን በጡት ጫፍ ላይ መቀባት በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነው። እናቶቻችን ያደረጉት በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሕፃኑ ምሬቱን ብቻ ሳይሆን አሎይኑንም ይውጣል፤ ተቅማጡ ደግሞ ለትንሽ ሰውነት ከባድ ነው። እባክዎ ይተዉት፤ ጡቱን ቀስ በቀስ፣ በየጥቂት ቀናቱ አንድ የማጥቢያ ጊዜ እየቀነሱ ማስጣል ይቻላል።

ለወባም፣ ለጉበትም እሬት ይጠጣል ይባላል፤ በዚህ ግን አይተማመኑ። በኮምቦልቻና ከእርሱ በታች ባለው ቆላ ወባ ስላለ ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር።

አብዝቼ የማያቸው ስህተቶች

ሎሚ መጨመር አንዱ ነው። ለማስቆየት ተብሎ ይጨመራል፤ ነገር ግን የሎሚ ጭማቂ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ጥቁር ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ሁለተኛው ጄሉን አፍልቶ ማስቀመጥ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ጄሉን ያዝለገለጉት ሰንሰለቶች ይበጣጠሳሉና የሚቀረው ውሃ ብቻ ነው። ሦስተኛው የተረፈውን ቅጠል በፌስታል ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ መተው ነው። ቅጠሉ እንዳለ መቀመጥ ካለበት ቢጫው ከፈሰሰ በኋላ የተቆረጠውን ጫፍ ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት፤ በሦስት ቀን ውስጥም ይጨርሱት።

ተክሉን በቤት ማሳደግ

በየጊዜው ከሰው ግቢ ከመቁረጥ አንድ ተክል ማኖር ይሻላል።

13. ልጁን ይለዩና ያድርቁት። እሬት ከሥሩ ልጆች ያወጣል። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲያድጉ ከእነ ሥራቸው ለይተው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ 2 ወይም 3 ቀን ጥላ ውስጥ ያኑሯቸው። ወዲያው እርጥብ አፈር ውስጥ የገባ ቁስል ይበሰብሳል። ቅጠል ብቻውን ቢተከል አይበቅልም፤ ብዙ ሰው በዚህ ይደክማል።

14. ውሃ የማይቋጥር አፈር ያዘጋጁ። የደሴ ጥቁር ዋልካ አፈር ውሃ ይዞ ሥሩን ያፍናል። ሁለት እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ አፈርና አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ይቀላቅሉ። ዕቃው የቀለም ባልዲም ይሁን የተቆረጠ የዘይት ጄሪካን፣ ከሥሩ አራት ወይም አምስት ቀዳዳ ይብሱለት።

15. ውሃውን በቁጠባ ያጠጡ። አብዛኛው ተክል የአየር ቀዳዳዎቹን ቀን ሲከፍት፣ እሬት ግን ሌሊት ከፍቶ አየሩን በአሲድ መልክ ያከማቻል፤ ቀን ቀን ደግሞ ዘግቶ በዚያ ይሠራል። በዚህም የተነሳ የሚያተነው ውሃ ጥቂት ነው። በተተከለ በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ አይስጡት። ከዚያ በኋላ በበጋ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ፣ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰድደው አፈሩ ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት ብቻ ያጠጡ።

16. እንደ ከተማው ያኑሩት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስላሉ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ተራራ ተሻግረው ሲወርዱ የእሬቱ አያያዝም ይለወጣል። በደሴ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ከጣሪያ ክንፍ ሥር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ውርጭ እንዳይመታው ማታ ማታ በረንዳ ላይ ወይም ቤት ውስጥ ያስገቡት። ውርጭ የመታው ቅጠል ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሕዋሳቱን ስለሚያፈነዳ በማግሥቱ የተቀቀለ መስሎ ይልፈሰፈሳል። በኮምቦልቻ ዓመቱን ሙሉ ደጅ መዋል ይችላል፤ የቀትር ፀሐይ ሲበዛበት ቅጠሉ ወደ ቀይ ቡናማ ቢለወጥም አልታመመም፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ወደሚያገኝበት ቦታ ካዞሩት በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል።

17. እስኪደርስ ይታገሡ። ከ12 በላይ ቅጠል ሳያወጣና የውጭዎቹ ቅጠሎች ከሥራቸው ሁለት ጣት ያህል ሳይወፍሩ አይቁረጡ። ከተቆረጠ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ውሃ አይንካው፤ ቀጣዩን ቅጠል ከመውሰድዎ በፊትም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ።